ሁለት የሉኪሚያ ጄኔቲክስ ተመራማሪዎችን በኤች-ኢንዴክስ ማበላለጥ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ሐረር ከሚገኝ አንድ የጤና ሳይንስ ተቋም ነው። የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ጄኔቲክስ ላቦራቶሪ የሚመራ ሰው ለመቅጠር ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም አባል ሆኛለሁ። ለመጨረሻው ዙር ሁለት አመልካቾች ቀርተዋል። አንደኛው ውጭ አገር ሲሠራ የቆየ ሲሆን ጉግል ስኮላር ላይ ኤች-ኢንዴክሱ 21 ነው፤ ከ4,000 በላይ ሳይቴሽን አለው፤ ማለትም ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ተጠቅሰዋል። ሁለተኛዋ እዚሁ አገር የምትሠራ ናት፤ ኤች-ኢንዴክሷ 7፣ ሳይቴሽኖቿም 200 አይሞሉም። አንድ የኮሚቴ አባል የየጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር ደምረን በሥራ ዘመናቸው እናካፍል ይላል። ሌላው ደግሞ ኤች-ኢንዴክሱ ብቻ ይበቃል፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው ባይ ነው። ትክክለኛው ቀመር የትኛው ነው?»

መልስ፦ ትክክለኛ ቀመር የለም። ሁለቱም ባልደረቦችዎ የያዙት ቁጥር ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ነው።

ከኢምፓክት ፋክተሩ ልጀምር፤ በብዛት የሚበደለው እሱ ነው። ሐሳቡን በ1955 ያቀረበው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። ቁጥሩ የኋላ ኋላ በሰፊው የጠቀመው ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ጆርናል ገዝተው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡ እንደሚያዋጣቸው ለማወቅ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጠርና በእነዚያው ጽሑፎች ብዛት ይካፈላል። ስለዚህ ቁጥሩ የጆርናሉ አማካይ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በማንኛውም ትልቅ ጆርናል ውስጥ ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ሳይቴሽን ጠቅልለው ይወስዳሉ፤ የቀሩት ከአማካዩ በታች ናቸው። አመልካቹ በዚያ ጆርናል ላይ ያወጣው ጽሑፍ ከጥቂቶቹ ይሁን ከብዙዎቹ ኢምፓክት ፋክተሩ አይነግርዎትም። ጫቱ ከአወዳይ መጣ ስለተባለ ብቻ እስሩን ሳይፈቱ ዋጋ እንደመቁረጥ ነው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተመክሮበት በ2013 ይፋ የሆነው የምርምር ምዘና መግለጫ፣ በቅጥር፣ በእድገትና በገንዘብ ድጋፍ ውሳኔ ላይ የጆርናል ቁጥር የሰው መለኪያ እንዳይሆን በግልጽ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የጆርናሎቹን ቁጥር ደምሮ በዓመት ማካፈል ደግሞ ስህተቱን አያርመውም። በአማካይ ላይ ሌላ አማካይ ይከምራል፤ ከዚያም አልፎ አንዱን ግኝት ለሦስት ቆራርጦ ያሳተመውን ሰው ይሸልማል።

ኤች-ኢንዴክስ የተሻለ የሚመስለው የሰውየውን የራሱን ጽሑፎች ስለሚቆጥር ነው። ያወጣው በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 7 ጊዜ የተጠቀሱ 7 ጽሑፎች ካሉትና ለ8 ካልደረሰ ኤች-ኢንዴክሱ 7 ይባላል። ደካማ ጎኑን ለማየት በወረቀት ላይ ይሞክሩት። 11 ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ እንውሰድ፤ ሳይቴሽኖቻቸው ከትልቅ ወደ ትንሽ 410፣ 58፣ 33፣ 19፣ 12፣ 9፣ 8፣ 7፣ 4፣ 2 እና 0 ይሁኑ። ሰባተኛው ጽሑፍ 8 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስምንተኛው 7 ጊዜ ብቻ። ኤች-ኢንዴክሱ 7 ነው። አሁን ባለ 410ሩን ጽሑፍ ከዝርዝሩ ያውጡትና የቀሩትን እንደገና ይደርድሩ። ሰባተኛ ቦታ ላይ 7 ጊዜ የተጠቀሰው ይመጣል፤ ኤች-ኢንዴክሱ አሁንም 7 ነው። ጠቅላላ ሳይቴሽኑ ግን ከ562 ወደ 152 ወረደ። እንግዲህ ያ ትልቁ ጽሑፍ የሰውየው የራሱ ግኝት ከነበረ ኤች-ኢንዴክሱ ሰወረው ማለት ነው። ብዙ ሰው ከተሳተፈበት ሥራ የአንድ ጥግ ድርሻው ብቻ ከነበረ ደግሞ ጠቅላላ ሳይቴሽኑ ያለ ልኩ አገነነው። ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ አይተራረሙም፤ እውነቱን የሚያውቀው ጽሑፉን ከፍቶ የደራሲነት ድርሻውን ያየ ሰው ነው።

ይህ ቁጥር ወርዶ እንደማያውቅም አይርሱ። ሰውየው ምርምር ካቆመ አሥር ዓመት ቢሞላው እንኳ ኤች-ኢንዴክሱ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የ20 ዓመት ተመራማሪን ከ8 ዓመት ተመራማሪ ጋር ጎን ለጎን ማቆም እድሜን ማበላለጥ ነው። አመልካቾችዎ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ያወጡበትን ዓመት በጥያቄዎ አልጻፉልኝም። እሱን ሳያዩ «የሰማይና የምድር ልዩነት» የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችሁትም ለውጥ አለው። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍን፣ ገና ያልተገመገመ ረቂቅን፣ በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ሰነድን ሁሉ ይለቅማል፤ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት የኅትመት መረጃ ቋቶች የሚቆጥሩት የመረጧቸውን ኅትመቶች ነው። የአንዱን ሰው ቁጥር ከጉግል ስኮላር፣ የሌላውን ከስኮፐስ ወስዶ ማወዳደር ስህተት ነው። ሁለቱም ከአንድ ቋት፣ በአንድ ቀን ይወጡ።

በእኛ ስም ላይ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ፤ ኮሚቴዎች ሲያልፉት አያለሁና ትንሽ ልቆይበት። የውጭ ቋቶች የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ፤ እኛ የለንም። ስለዚህ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፤ የተመራማሪዋ የራሷ ስም ወደ አንድ ፊደል ይታጠፋል። አንዱ ጆርናል አያቷንም ከጠየቀ በዚያ ጽሑፍ ላይ በአያቷ ስም ትገባለች። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ላይ አናባቢው ይደገማል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ የአንድ ሰው ሥራ ለሦስት ሰው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ኤች-ኢንዴክሷም ከእውነተኛው በታች ይሆናል። ተቃራኒውም አለ። ሉኪሚያን በሚያጠና አንድ ሰው ገጽ ላይ ስለ ስንዴ ዋግ የተጻፉ ጽሑፎች ተሰግስገው አይቻለሁ። አካባቢያችን ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር መሠረቱ የእርሻ ትምህርት ስለሆነ፣ ተመሳሳይ የራስና የአባት ስም ያላቸው የሰብል ሳይንቲስትና የጤና ተመራማሪ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ጉግል ስኮላር በራሱ ደምሮ ሲያቀርብለት ባለቤቱ ሳያጣራ «አዎ» ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ተንኮል ላይኖረው ይችላል። መፍትሔው ከ2012 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጠው ባለ 16 አሃዙ ኦርኪድ (ORCID) መለያ ነው፤ እሱ ከሌለ አመልካቹ የፈረመበት ሙሉ የጽሑፍ ዝርዝር ይቅረብና አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይመርምረው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ወደ ዘርፉ ስንገባ ሉኪሚያ ጄኔቲክስ የራሱ ጠባይ አለው። ትልልቅ ሥራዎቹ የሚወጡት በኮንሰርቲየም፣ ማለትም ብዙ ተቋማት በጋራ በሚሠሩበት ኅብረት ነው። በ2013 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣው የ200 አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማን የጂኖም ጥናት የደራሲዎቹ ዝርዝር እጅግ ረጅም ነው፤ ሳይቴሽኑም በሺዎች ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ስሙ በመሃል የተጻፈ ሰው ናሙና ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የመረጃ ትንተናውን የሠራው እሱ ሊሆንም ይችላል፤ ሳይቴሽኑ ግን ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። ባጠቃላይ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በእጁ የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ ላቦራቶሪውንና ሐሳቡን የመራው ሰው ነው፤ ለደብዳቤ ልውውጥ የተመደበው ደራሲም ኃላፊነቱን የሚሸከም ነው። አሁን ብዙ ጆርናሎች ድርሻን በ14 ዓይነት የሥራ ድርሻ ለይተው በጽሑፉ መጨረሻ ያስቀምጣሉ፤ ያንን አንቀጽ ማንበብ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የክለሳ ጽሑፎችንና የሕክምና መመሪያዎችንም ለብቻ ያውጧቸው፤ አዲስ ግኝት ባይኖርባቸውም ሳይቴሽን ይስባሉ። የመጀመሪያው አመልካች 4,000 ሳይቴሽን ሲበተን ሦስት የኮንሰርቲየም ጽሑፍና አንድ ክለሳ ሆኖ ቢገኝ አይገርመኝም። እውነተኛ የመሪነት ሥራ ሆኖ ቢገኝም እንዲሁ አይገርመኝም። መበተን ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ተጽዕኖ። ሳይቴሽን የሚለካው ሌሎች ተመራማሪዎች ማንሳታቸውን ነው፤ ሕመምተኛው ዘንድ ምን እንደደረሰ አይደለም። በሉኪሚያ ታሪክ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፦ በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ ባለባቸው ሕሙማን ሴሎች ውስጥ ከመደበኛው ያነሰች ክሮሞሶም አገኙ፤ ፊላደልፊያ ክሮሞሶም ተባለች። ግኝቱ የወጣው በጥቂት አንቀጽ ማስታወሻ ነበር። ቺካጎ የነበረችው ጃኔት ራውሊ የክሮሞሶም ፎቶግራፎችን ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ በመቀስ እየቆረጠች ስትደረድር፣ ከክሮሞሶም 22 የጠፋው ቁራጭ ክሮሞሶም 9 ላይ መገኘቱን አየች፤ በ1973 ብቻዋን ፈርማ ኔቸር ላይ አወጣችው። ከዚያ የተነሳው የምርምር ሰንሰለት ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት ወለደ፤ አሜሪካ ውስጥ በ2001 ጸደቀ። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኢማቲኒብ የሚወስዱ ሕሙማን አሉ። ከመጀመሪያው ማስታወሻ እስከ መድኃኒቱ 41 ዓመት ነው። የቅጥር ኮሚቴ በ1965 ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ የኖዌልን ሥራ በሳይቴሽን እንዴት ይመዝነው ነበር? ሌላም ነገር አለ፤ ዛሬ በዚህ በሽታ ላይ የሚጽፍ ሰው የ9 እና የ22ን ልውውጥ ሲያነሳ የራውሊን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይጠቅስም። ግኝቱ የሁሉም የጋራ እውቀት ስለሆነ ማስረጃ አይፈልግም። ሥራው ሥር በሰደደ ቁጥር ቆጣሪው ይረሳዋል።

ቅርብ ጊዜ ላይም ቢሆን ሰንሰለቱ አጭር አይደለም። አይዲኤች1 የተባለው ጂን በአጣዳፊ ማየሎይድ ሉኪሚያ ውስጥ ሚውቴሽን እንደሚገኝበት በ2009 ታወቀ፤ እሱን የሚያነጣጥረው አይቮሲዴኒብ የጸደቀው በ2018 ነው። ስለዚህ ያለፉትን አምስት ዓመታት ብቻ የሚያይ ምዘና የዚህን ዘርፍ ፍሬ አያገኘውም። ከሳይቴሽን ውጭ የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ ግኝቱ በዓለም ጤና ድርጅት የደም ካንሰር ምደባ ወይም በአውሮፓ ሉኪሚያ ኔት የሕክምና ምክር ውስጥ ገብቷል? የክሊኒክ ሙከራ ሕሙማንን ለመምረጥ ተጠቅሞበታል? ሌላ ላቦራቶሪ ደግሞ አረጋግጦታል? የክሮሞሶም ለውጦቹ በሚቴልማን መዝገብ፣ የሚውቴሽን መረጃው በክሊንቫር ለሌሎች ተቀምጧል? ላቦራቶሪዎች ዕለት በዕለት የሚጠቀሙበት የምርመራ ዘዴ ትቷል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ከአምስት ነጥብ የኤች-ኢንዴክስ ልዩነት በላይ እመዝነዋለሁ።

የአገር ቤቱ ሥራ ለምን በሳይቴሽን ዝቅ እንደሚል የሚያስረዳ አንድ ጉዳይ ላንሳ። በልጆች ላይ በሚበዛው አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የማቆያ ሕክምና፣ መርካፕቶፑሪንና ሜቶትሬክሴት የተባሉት መድኃኒቶች መጠን ከፍና ዝቅ የሚደረገው በነጭ የደም ሴልና ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኒውትሮፊል ቁጥር ነው። ዳፊ የተባለው የቀይ ደም ሴል ምልክት የሌላቸው ሰዎች ግን ጤነኛ ሳሉም የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በዘር የሚወረስ ነው፤ በአፍሪካውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ምልክቱ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። ስለዚህ የሌላ አገር መነሻ ቁጥር ይዞ የሕፃኑን መድኃኒት መቀነስ ያለ ምክንያት ሕክምናውን ማዳከም ሊሆን ይችላል። በሐረርና በድሬዳዋ ልጆች ላይ ይህንን ለክታ ያወጣች ተመራማሪ ብትኖር፣ ጽሑፏ በዓለም ደረጃ አሥር ጊዜ ብቻ ቢጠቀስም ሕይወት ፋና ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ነገ ጠዋት የሚጠቀምበት ነው። ሳይቴሽን አንባቢ ብዛትን ይከተላል፤ በዚህ ርዕስ ላይ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛዋ አመልካች ይህን ዓይነት ሥራ ሠርታ እንደሆነ ኮሚቴው ማወቅ የሚችለው ጽሑፎቿን ከፍቶ ካነበበ ብቻ ነው።

ይህን ስል ያነሰ ቁጥር ሁሉ የተደበቀ ዕንቁ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ጽሑፍ ያልተጠቀሰው የሚጠቀስ ነገር ስለሌለው ነው። ሦስት ነገሮችን ደግሞ በሁለቱም ላይ ሳታጣሩ እንዳታልፉ። አንደኛ፣ ከሳይቴሽኑ ምን ያህሉ የራሱን ጽሑፍ ራሱ የጠቀሰበት ነው? የተወሰነ መጠን ተፈጥሯዊ ነው፤ ግማሽ ሲሆን ግን ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ተቀብለው በሳምንት ውስጥ ያለ እውነተኛ ግምገማ የሚያወጡ ጆርናሎች አሉ፤ የአርታኢ ቦርዱን ስም፣ የገቡበትንና የተቀበሉበትን ቀን ይዩ። ሦስተኛ፣ ከኅትመት የተነሳ፣ ማለትም ከታተመ በኋላ የተሰረዘ ጽሑፍ መኖሩን ይፈትሹ። የተነሳ ጽሑፍ ሳይቴሽን መሰብሰቡን ስለማያቆም ኤች-ኢንዴክሱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ከሆነም ምክንያቱን ያንብቡ፤ ስህተታቸውን አግኝተው ራሳቸው ያነሱ ሰዎችና ምስል አስመስለው ተይዘው የተነሳባቸው ሰዎች አንድ አይደሉም።

ምክሬ ይህ ነው። ሁለቱም አመልካቾች ከሥራዎቻቸው አምስት ብቻ መርጠው ያቅርቡ። ለእያንዳንዱ በግማሽ ገጽ ከዚያ በፊት ምን ይታወቅ እንደነበር፣ እነሱ ምን እንደጨመሩ፣ በእጃቸው የሠሩት የትኛውን እንደሆነና ማን እንደተጠቀመበት ይጻፉ። እነዚህን አምስት ሥራዎች ከተቋማችሁ ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች ያንብቡ፤ አንዱ የደም ሕመም ሐኪም፣ ሌላው በክሮሞሶምና በሞለኪውል ጄኔቲክስ ላቦራቶሪ የሠራ። አስተያየታቸውን በጽሑፍ እስኪሰጡ ድረስ ኤች-ኢንዴክሱን አይስጧቸው፤ ቁጥር አስቀድሞ ያየ ገምጋሚ ከቁጥሩ ለመላቀቅ ይቸግረዋል። ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ዓመት ጋር አስቀምጧቸውና በመጨረሻ ብቻ ያውጧቸው። ከአንባቢዎቹ አስተያየት ጋር ከተጣሉ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ነጥብ አድርጋችሁ ግን አትደምሯቸው። የምትቀጥሩት የላቦራቶሪ መሪ ስለሆነ በቃለ መጠይቁ ቀን አንድ እውነተኛ የካርዮታይፕ (የክሮሞሶም ምርመራ) ወይም የሴኩዌንሲንግ (የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብ) ውጤት፣ የሕመምተኛው ማንነት ተሰርዞ፣ ፊታቸው ይቅረብና ይተርጉሙት። ናሙና ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ሲላክ ምን እንደሚበላሽ፣ ባለው በጀት የትኛውን ምርመራ እንደሚያስቀድሙ ይጠየቁ። ይህን የሚነግር ኢንዴክስ የለም።

የማዕረግ ጉዳይ ከዚህ ይለይ። የተቋሙ ደንብ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የኅትመት ነጥብ የሚጠይቅ ከሆነ ደንቡ ይፈጸም፤ የቅጥሩን ምርጫ ግን በዚያ ነጥብ አትወስኑ። ንባቡም እንከን የለሽ አይደለም፤ አንባቢዎቹ ከአመልካቾቹ ጋር አብረው ያሳተሙ፣ አስተማሪ ወይም ተማሪ የነበሩ ከሆነ ፍርዳቸው ይዛባል። ሁለቱም በጽሑፍ ግንኙነታቸውን ያሳውቁ።

በላኩልኝ ቁጥር ብቻ ምርጫ እንድሰጥ ከተገደድኩ መልሴ «አልመርጥም» ነው፤ ሁለተኛዋንም ከዝርዝር አላወጣም። ባልደረቦችዎ ዛሬ ድምፅ እንስጥ ካሉ ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞዎን ያስመዝግቡና የአምስቱን ሥራዎች ማቅረቢያ የሦስት ሳምንት ጊዜ ይጠይቁ። ከአመልካቾቹ አንዱ ድርሻውን ለይቶ ለመጻፍ ካንገራገረ ያንኑ ማንገራገር አንባቢዎቹ ይወቁት፤ ቀነ ገደቡ ግን አይራዘም።